የዝናቡ ቀጠሮ ሲዛባ፦ የአየር ንብረት ለውጥ በማሳ፣ በጎተራና በገጠሩ ኑሮ ላይ

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







የምስረታ በዓል ሲከበር የተሠራጨው ማዳበሪያ በኩንታል፣ የተጠራቀመው ካፒታልና ለአባላት የተከፋፈለው ትርፍ ደግሞ በብር ተቆጥሮ ይቀርባል። ይህ ተገቢ ነው፤ አባሉ የልፋቱን ውጤት የማወቅ መብት አለው። ነገር ግን ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ በስተጀርባ አንድ ዕጣ ሳይገዛ በትርፉም በኪሳራውም የሚካፈል ሸሪክ አለ። እርሱም ዝናብ ነው። ዝናቡ በሰዓቱ ሲመጣ ማዳበሪያው ይሠራል፣ ብድሩ ይመለሳል፣ መጋዘኑ ይሞላል። ሲቀር ወይም ያለጊዜው ሲመጣ ግን የተሻለው ዕቅድ እንኳ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ በዓል ላይ ስለዚሁ ሸሪክ ጠባይ መለወጥና ማኅበራት ሊወስዱት ስለሚገባ እርምጃ መነጋገር ተገቢ ይሆናል።

የቀድሞው ቀጠሮ

የወሎና የሰሜን ሸዋ አርሶ አደር ዓመቱን የሚከፋፍለው በሰማይ ምልክትና በበዓላት ነው። በየካቲት በልግ ይጠበቃል፤ የደጋው ሰው ገብሱን ይዘራል፣ የቆላው ሰው ለማሽላ እርሻውን ያለሰልሳል። ሰኔ ሲገባ ክረምቱ ይጀምራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለው አባባልም ሰብሉን ከዝናቡ ጋር አስተያይቶ የኖረ ሕዝብ የዘመናት መዝገብ ነው። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰብሉ ደርቆ ይታጨዳል፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ አውድማው ይሞላል።

ይህ ቀጠሮ ድሮም ቢሆን ሳይዛባ የኖረ አይደለም። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ በወሎ ምድር ላይ ያደረሱት እልቂት የሚረሳ አይደለም። ልዩነቱ በቀድሞው ዘመን መጥፎው ዓመት አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ መሆኑ ነው። ዛሬ ሽማግሌዎች በየስብሰባው የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። ቡሄ ሳይደርስ ዝናብ የሚቆምበት ዓመት አለ፤ ሰብሉ ታጭዶ በተከመረበት በኅዳር ዶፍ የሚወርድበት ዓመትም አለ። አባባሉ አልተሳሳተም፤ የተነገረበት የአየር ጠባይ ነው እየተለወጠ ያለው።

ምን ተለወጠ?

ምድር በአየር ጋቢ ተሸፍናለች። ጋቢው ባይኖር ኖሮ የቀኑ ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ አምልጦ ዓለም ሁሉ በውርጭ በተመታች ነበር። ችግሩ የመጣው የሰው ልጅ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በገፍ በማቃጠሉና ደን በመመንጠሩ ጋቢውን እያወፈረው በመሄዱ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። በዚህ ምክንያት የዓለም አማካይ ሙቀት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጋር ሲነጻጸር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከፍ ብሏል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ አማካይ ሙቀቱ በ1.3 ዲግሪ ያህል መጨመሩ በጥናት ተረጋግጧል።

አንድ ዲግሪ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ለሰብል ግን ትንሽ አይደለም። አየሩ በሞቀ ቁጥር መሬቱና ቅጠሉ ውሃ ቶሎ ያጣሉ፤ የዝናቡ መጠን ሳይቀንስ እንኳ ሰብሉ ይጠማል። የሞቀ አየር ብዙ እንፋሎት ስለሚሸከም በሁለት ሳምንት ተከፋፍሎ ይወርድ የነበረው ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወርዶ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ በአንዳንድ የኢትዮጵያ ክፍሎች የበልግና የክረምት ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከ15 እስከ 20 በመቶ መቀነሱን አመልክቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ድርቅ የአየር ንብረት ለውጥ ውጤት ነው ማለት ትክክል አይሆንም። ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ከጥንት ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣና የኢትዮጵያን ክረምት የሚያዳክም ክስተት ነው። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከሸፈ በኋላ ክረምቱም በኤልኒኖ ሲዳከም በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የዕለት ደራሽ ምግብ ፈላጊ ሆኗል። በ1977 የታየው ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም፤ ዕርዳታው በጊዜ ስለተንቀሳቀሰና ቀድሞ የተዘረጋ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ስለነበረ ነው። ትምህርቱም ይኸው ነው፤ ድርቅን የሚያመጣው ሰማይ ነው፤ ድርቁ ረሃብ እንዲሆን ወይም እንዳይሆን የሚያደርገው ግን የሰው ዝግጅት ነው።

በማሳ ላይ የሚታየው

ጉዳቱ ከደጋ እስከ ቆላ መልኩ ይለያያል።

በደጋው የበልግ ገብስ ዋነኛው ተጎጂ ነው። በልጉ በጊዜው ከገባ ገብሱ በሰኔ ይሰበሰባል። ዘግይቶ ከገባ ግን ሰብሉ የሚደርሰው በሐምሌ ዝናብ መካከል ነው፤ ነዶው ይበሰብሳል፣ ማሳውም ለመኸር አይለቀቅም። በልግ ሲጠፋ የሚጠፋው እህል ብቻ እንዳልሆነም ልብ ማለት ይገባል። በልግ ሣር ነው፣ የምንጭ ውሃ ነው፣ ለመኸር እርሻ የሚወጣው በሬ ጉልበት ነው። በልግ ያጣ በሬ በሰኔ ቀንበር አይሸከምም።

በወይናደጋው ጤፍና ስንዴ በሁለቱም ጫፍ ይጎዳሉ። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ ዘለላው ሳይሞላ ይቀራል። በተቃራኒው በአጨዳና በክምር ጊዜ ያልተጠበቀ ዝናብ ሲወርድ ጤፉ ይተኛል፣ ይበቅላል፣ ነጩ ጤፍ ቀለሙ ይጠቁርና በገበያ ዋጋው ይወድቃል። አርሶ አደሩ ዓመት ሙሉ የለፋበት ምርት በሦስት ቀን ዝናብ ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሦስተኛ ይወርዳል። የስንዴ ዋግም የአየሩን እርጥበትና ሙቀት ተከትሎ የሚነሣ በሽታ ነው። በ2003 ዓ.ም. ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን በሰፊው ይዘሩ የነበሩ የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ መጉዳቱ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ማጥቃቱ አገር ሁሉ በአንድ ዝርያ ላይ ሲንጠለጠል የሚመጣውን አደጋ አሳይተዋል።

በቆላው ደግሞ የማሽላው ነገር አለ። ደጋሌትን የመሰሉ ረጅም ጊዜ የሚፈልጉ ማሽላዎች በሚያዝያ በበልግ ዝናብ ተዘርተው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ በማሳ ላይ ይቆያሉ። በልጉ ሲቀር ይህ ዕድል አብሮ ይቀራል። በዚያ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ጉዳት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓረብ ባሕር የተነሡ ሁለት ከባድ የባሕር ማዕበሎች በዓረቢያ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ፤ በዚያ እርጥብ አሸዋ የተራባው የበረሃ አንበጣ በየመን በኩል ተሻግሮ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ ገባ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይም በራያና በሌሎች የወሎ ቆላዎች ለአጨዳ የደረሰ ማሽላና ጤፍ በልቶ ሄደ። በሌላ አገር በረሃ የወረደ ዝናብ የቆቦን ማሳ ያራቆተበት ጊዜ ይህ ነበር።

በጎተራና በቤተሰብ ላይ የሚታየው

የአየር ንብረት ለውጥ ከማሳ አልፎ ወደ ቤት ሲገባ በሚታወቅ መንገድ ይገባል። ምርት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የምግብ ዓይነት ነው፤ ወጡ ይሳሳል፣ ወተትና ቅቤ ለገበያ ይወጣል። ቀጥሎ በግና ፍየል ይሸጣል። ከዚያ በሬው ይወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ በደህና ዓመት ብዙ ኩንታል ይገዛ የነበረ በሬ ለጥቂት ኩንታል ይሰጣል። በመጨረሻ ለዘር የተቀመጠው ይበላል። ዘሩን የበላ ቤተሰብ ዝናቡ በሚቀጥለው ዓመት ቢመለስም እርሱ አብሮ አይመለስም፤ መሬቱን ለሌላ እኩል ሰጥቶ በራሱ ማሳ ላይ ተመልካች ይሆናል።

ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ምንጩ ሲደርቅ ሩቅ የምትሄደው እናትና ሴት ልጅ ናት። ወጣቱም በአባቱ ማሳ ላይ ተስፋ ሲያጣ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሚወስደውን አስጨናቂ መንገድ ይመርጣል። ከወሎ ቀበሌዎች ስንቱ ቤት ልጁን በዚህ መንገድ እንደሸኘ ለዚህ ጉባዔ መንገር አያስፈልግም።

የተሞከሩ መንገዶች

ተስፋ የሚሰጡ ሥራዎች በአገሪቱ አሉ።

የመጀመሪያው ዘር ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የጤፍ ዝርያዎች መካከል ጸደይ (ዲዜድ-ሲአር-37) ሦስት ወር ያህል ብቻ የሚፈልግ በመሆኑ ዝናብ ለሚያጥራቸው አካባቢዎች ይስማማል፤ በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው ቁንጮ ደግሞ እርጥበት በቂ በሆነበት ከፍተኛ ምርት ይሰጣል። በማሽላ በኩል ጎቢዬና አብሽር ቀድመው የሚደርሱና አቀንጭራን የሚቋቋሙ ናቸው። በቆላው ማሾ በአጭር ጊዜ ደርሶ ለገበያ የሚቀርብ ሰብል ሆኗል።

የቆላው አርሶ አደር «ለምን ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ አይዘራም?» እየተባለ ብዙ ጊዜ ይወቀሳል። ነገሩን ከእርሱ ወገን ሆኖ ማየት ይገባል። ረጅሙ ማሽላ ፍሬ ብቻ አይሰጥም፤ አገዳው የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። አጭሩ ማሽላ ፍሬ ይሰጣል፤ አገዳው ግን ጥቂት ነው። ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርስም የአካባቢው ወፍ ሁሉ ይዘምትበታል፤ ልጆች ከትምህርት ቀርተው ማማ ላይ ይውላሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሲዘራው ወፉ ሁሉ የእርሱ ነው። ጎረቤታሞች በኩታ ገጠም ማሳ በአንድ ሳምንት ሲዘሩት ግን ጉዳቱ ይከፋፈላል፣ ጥበቃውም በተራ ይሆናል። ይህን በአንድ ቤት መወሰን አይቻልም፤ በማኅበር ግን ይቻላል።

ሁለተኛው የአገር በቀል ዘር ጥበቃ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ለዘመናት የቆዩ ዝርያዎች ተበልተው ሊጠፉ ሲሉ ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው ከገበሬው እጅ እየሰበሰቡ በጂን ባንክ አስቀምጠዋል፤ በኋላም ዘሩ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ ሠርተዋል። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ሦስተኛው የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነው። በወላይታ ሁምቦ ወረዳ ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ከከብትና ከምሳር ተከልሎ ከነባሩ ጉቶ እንዲያገግም ተደርጓል። ሥራውን የያዙት የአካባቢው ነዋሪዎች ያቋቋሟቸው ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆኑ፣ ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፍ መዝገብ ተመዝግቦ ደኑ ከአየር ለሚስበው ካርቦን ክፍያ አስገኝቷል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎችም በእርከንና በውሃ ማቆር ጉድጓዶቻቸውን መልሰው አስሞልተው እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በየማሳውም ትልሙን በየመሃሉ በአፈር ዘግቶ ውሃን ማስቀረት ለቆላው፣ በእነዋሪ የጥቁር አፈር ገበሬዎች እንደሚያደርጉት ከፍ ያለ መደብ አውጥቶ ውሃን ማጠንፈፍ ደግሞ ለወይናደጋው የተፈተኑ ዘዴዎች ናቸው።

አራተኛው የሰብል ዋስትና ነው። በትግራይ አዲ ሐ በ2001 ዓ.ም. 200 የሚሆኑ አባወራዎችና እማወራዎች ለጤፋቸው የዝናብ ዋስትና ገብተዋል። ክፍያው የሚታሰበው እያንዳንዱ ማሳ እየታየ ሳይሆን የወረደው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ገንዘብ የሌለው አርሶ አደር አረቦኑን በእርከንና በመሳሰሉት ሥራዎች ጉልበቱ እንዲከፍል መደረጉ ድሃውን ተጠቃሚ አድርጎታል።

ከማኅበራት የሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘሩት አንጻር የመሠረታዊ ማኅበራት ጠቅላላ ጉባዔዎች አራት ጉዳዮችን ቢመክሩባቸው ይበጃል።

አንደኛ፣ የዘር መጠባበቂያ። ዝናቡ ሲዘገይ አርሶ አደሩ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይጠይቃል፤ በሐምሌ የተጠየቀ ዘር ግን በሐምሌ አይደርስም። ማኅበሩ የረጅሙን፣ የመካከለኛውንና የአጭሩን ጊዜ ዘር በበጋው ገዝቶ በመጋዘኑ ቢያስቀምጥ አባሉ በሰማዩ ሁኔታ መምረጥ ይችላል። የአካባቢው ነባር ዘርም ከዚሁ ጋር ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛ፣ የዝናብ ልኬት። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር መሬት ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,500 ሊትር ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 125 ጀሪካን ውሃ ማለት ነው። በየማኅበሩ ግቢ ቀላል የዝናብ መለኪያ ተተክሎ አንድ የተማረ ወጣት በየጠዋቱ ቢመዘግብ፣ መሬቱ ሳይርስ የሚጣል ዘርና እርጥበት በሌለበት የሚበተን ዩሪያ ይቀንሳል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግቢያ የሚያወጣው ትንበያም በቀበሌው ቋንቋ ተተርጉሞ በስብሰባ ሊነበብ ይገባል። ትንበያ ቃል ኪዳን አይደለም፤ ሆኖም ከግምት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ መጋዘንና የድኅረ ምርት አያያዝ። በአጨዳ ወቅት የሚመጣውን ዝናብ ማስቆም አይቻልም፤ ክምሩን በሸራ መሸፈን ግን ይቻላል። ሸራውን ማኅበሩ ገዝቶ በተራ ቢያከራይ የአንድ ቤት ወጪ ይቀንሳል። እርጥብ እህል ሻጋታ ስለሚይዝና ሻጋታውም ለሰውና ለከብት ጤና አደገኛ ስለሆነ በሚገባ ሳይደርቅ ወደ ጎተራ መግባት የለበትም። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይከላከላል፤ እህሉን በጥር ርካሽ ዋጋ ከመሸጥም ያድናል።

አራተኛውና አስቸጋሪው የብድር ጉዳይ ነው። ዝናብ ያሳጣው አባል የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል በሬውን ሸጦ ከሆነ ማኅበሩ ብሩን አግኝቷል፤ አራሹን ግን አጥቷል። በሌላ በኩል ዕዳ ሁሉ ይማር ከተባለ ማኅበሩ ራሱ ይወድቃል፤ የከፈለው አባልም ይቀየማል። መፍትሔው ደንቡን በደህናው ዓመት ማውጣት ነው። የቀበሌው ጉዳት በምን ልኬት ይረጋገጣል? ለማን፣ ለስንት ወር ይራዘማል? ክፍተቱስ ከመጠባበቂያው ወይስ ከዋስትና ይሸፈናል? እነዚህ በጠቅላላ ጉባዔ አስቀድመው ካልተወሰኑ በችግሩ ቀን የሚወስነው ዝምድናና ጩኸት ይሆናል። የወረዳ ኃላፊዎችም በዚህ ረገድ የሚጠበቅባቸው በዕዳ አሰባሰብ ዘመቻ ላይ ከመገኘት አልፎ ደንቡ ሲወጣ መምከርና ሲወጣም ማክበር ነው።

ማጠቃለያ

ጋቢውን ያወፈሩት በአብዛኛው ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው፤ አፍሪካ በሙሉ ከዓለም ዓመታዊ ልቀት የሚኖራት ድርሻ ከ4 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ካሳና ድጋፍ መጠየቅ የአገሪቱ መብት ነው። ነገር ግን ካሳው እስኪመጣ ሰኔ አይጠብቅም። በልጉ ዘንድሮም ሊቀር፣ ክረምቱ ከርሞም ሊዘገይ ይችላል። ያን ጊዜ ልዩነቱን የሚፈጥረው በመጋዘን የተቀመጠው ዘር፣ በመዝገብ የተጻፈው የዝናብ ልኬትና በጉባዔ የጸደቀው ደንብ ነው።

ዩኒየኑ የተመሠረተው አንድ ሰው ብቻውን መኪና ሙሉ ማዳበሪያ ማምጣት ስለማይችል ነበር። ዛሬም አንድ ሰው ብቻውን የወፉን መንጋ፣ የኅዳሩን ዝናብና የድርቁን ዕዳ መቋቋም አይችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለማዳበሪያ የተባበረው ክንድ ለሰማዩም መባበር ይጠበቅበታል።

ፈጣሪ ወቅቱን የጠበቀ ዝናብ ይስጣችሁ፤ ለከርሞው በዓል በሰላም ያድርሳችሁ።